ክራንቼን መልሱልኝ፦ ከመዘምራን ጋር ከሚዛን እስከ ጌጫ

ከጌጫ የተመለስነው ሰኞ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የስፌት መኪናዬን በረንዳው ላይ ሳወጣ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሰላም ሳትለኝ ዓይኗን ወደ እግሬ ወረወረች። ከዚያ ወዲህ ሚዛን ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። ወሬው ከእኛ መኪና ቀድሞ ገብቷል፤ ያውም ሁለት ዓይነት ሆኖ። አንዱ «ታሪኳ ተፈውሳ ክራንቿን ጥላ ሮጠች» ይላል። ሌላው «ታሪኳ መድረክ ላይ አገልጋይ ሰደበች» ይላል። ሁለቱም ውሸት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሳስረዳ ሥራ መሥራት ስላልቻልኩ ከመነሻችን እስከ መመለሻችን ያለውን በተራ ጻፍኩት። ጌጫን አይቶ የማያውቅ፣ ምናልባትም የማያይ ሰው ካነበበው ቢያንስ ብርዷን ያውቃል።

ታሪኳ እባላለሁ። አስረኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ግራ እግሬን ሕፃን ሳለሁ ፖሊዮ ይዞት ቀጥኖ ቀርቷል። በግራ ብብቴ ክራንች ይዤ እሄዳለሁ፤ በቀኝ እግሬ የስፌት መኪና እረግጣለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ሁለተኛ ድምፅ ነኝ። የመዘምራኑን ሰማያዊ ቀሚስ የሰፋሁትም እኔ ስለሆንኩ ማን እንደወፈረና ማን እንደከሳ ከእኔ የሚደበቅ የለም።

ብዙነሽ ጓደኛዬ ናት። አምስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን። በመጀመሪያው ቀን «እግርሽ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «እሺ፣ ማስመሪያ አለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወድጃታለሁ። ዘንድሮ ለመምህርነት ሥልጠና ቦንጋ ደርሷታል፤ ጥቅምት ላይ ትሄዳለች።

መዘምራኑ በየዓመቱ ወደ አንድ አገር ይሄዳሉ። እኔን ግን «መንገዱ ይከብድሻል» እያሉ ሦስቴ ትተውኛል። መንገዱ ሲከብደኝ አይተው ሳይሆን ገምተው ነው። ዘንድሮ የጌጫ ኮንፈረንስ ጥሪ ሲመጣ «ወይ እሄዳለሁ፣ ወይ ቀሚሶቹን መልሱልኝ» አልኩ። ሄድኩ። ፍላጎቴ አንድ ብቻ ነበር፦ ብዙነሽ ከመሄዷ በፊት ከጎኗ ቆሜ ሌላ አገር መድረክ ላይ መዘመር።

ሐሙስ

በጠዋት ይመጣል የተባለው አይሱዙ ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ መጣ። የመዘምራኑ መሪ ወንድም ታምራት ደግ ሰው ነው። ችግሩም ደግነቱ ነው።

«ታሪኳ ጋቢና ትግባ» አለ።

«ጋቢና አልገባም።»

«እህቴ፣ ላይኛው ይንጣል።»

«ሁላችሁንም ይንጣል።»

ብዙነሽ ጣልቃ ገባች። «ወንድም ታምራት፣ ለሹፌሩ እዘንለት እንጂ! ጋቢና ከገባች እስከ ቴፒ ድረስ መንዳት ስታስተምረው ነው የምትውለው።» ሹፌሩ ጋሽ ሙላት «ኧረ ላይ ትሁንልኝ!» ብሎ ሳቀ። በዚሁ መኪናው ላይ ወጣሁ። አወጣጣችን የራሳችን ነው። ቀድሞ ክራንቹ ይሰጣል፤ ከዚያ እኔ የብዙነሽን ጉልበት ረግጬ እወጣለሁ፤ ከዚያ እጄን ዘርግቼ እሷን ስቤ አወጣታለሁ። ክንዴ ከእሷ ክንድ ይጠነክራል፤ እግሯ ከእኔ እግር ይጠነክራል። ተነጋግረን የወሰንነው ነገር አይደለም፤ እንዲሁ ሆነ።

ከሚዛን ወጥተን ወደ ሼኮ ስንዘልቅ ዛፎቹ ከላያችን ገጠሙ። ሚዛንም ጫካ አለን፤ የእኛ ጫካ ግን በየመሃሉ ቆርቆሮ ይታይበታል። እዚህ ቡናው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ሆኖ ፍሬው ገና መቅላት ጀምሯል። ቅርንጫፎቹ መኪናው ላይ ያለነውን ፊት ፊታችንን እየጠበጠቡን ያልፋሉ። ሼኮ ላይ ቆመን ሙዝ ገዛን፤ ከአንዲት ሴትዮ ቤትም ጨሞ ጠጣን። ጨሞ ከቡና ቅጠል ተፈልቶ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ የሚገባበት ነው። እናቴም ታፈላለች፤ የሼኮዋ ግን እንባ አስወጣን። የሰሜን ሰው ቢቀምሰው «ቡናችንን ምን አድርጋችሁት ነው?» ይላል።

ከሼኮ በኋላ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባ። ሁሉም ይውረድ ተባለ። ጋሽ ሙላት በመስኮት ወደ እኔ ቀና ብሎ «አንቺ ቁጭ በይ፣ አንቺ እንደሆን ክብደት የለሽም» አለኝ። ሌላው ሁሉ ሲወርድ እንደ ጆንያ ላዩ ላይ ልቀር ነው? ወረድኩ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ክራንቹ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፤ እኔም በደረቴ ተዘረጋሁ። ዝም አሉ ሁሉም። እንዲህ ዓይነቱን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ አሥር ሰው አንድ ላይ «ውይ ምስኪን» ሊል ሲል የሚመጣ ዝምታ ነው። ያን ጊዜ ብዙነሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ልታነሳኝ መጥታ እሷም ወደቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መኪናው ሲወጣ ክራንቼም ወጣ፤ ጫፉ ላይ ያለችው ጎማ ግን ጭቃው ውስጥ ቀረች። ቆፍረን አጣናት።

ቴፒ ስንገባ ልብሳችን ደርቆ ቅርፊት ሆኗል። ሚዛን ከዝናብ በኋላ ይቀዘቅዛል፤ ቴፒ ከዝናብ በኋላም ይሞቃል። ከመሬቱ እንፋሎት ይወጣል። ምግብ ቤት ገብተን ስንቀመጥ አስተናጋጁ ልጅ ብዙነሽን አየና በአገጩ ወደ እኔ ጠቁሞ «እሷስ ምን ትበላለች?» አላት።

ብዙነሽ በጣም ኮስተር ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ትበያለሽ?»

«ጥብስ» አልኩ።

«ጥብስ ትላለች» አለችው።

«ይቃጠልላት ወይስ ለስለስ ይበል?»

«ይቃጠልልሽ ወይስ ለስለስ ይበል?»

«ለስለስ ይበል፤ ቃሪያም ያምጣ።»

«ለስለስ ይበል፤ ቃሪያም አምጣ ትላለች።»

ልጁ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና ገባው። ጆሮው ቀላ። «ይቅርታ እህቴ» አለኝ፤ ለእኔ። ቃሪያውን እጥፍ አድርጎ አመጣ። ይህን ጨዋታ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ስንጫወተው ኖረናል፤ ሰልችቶን አያውቅም።

አልቤርጎው ውስጥ አንድ አልጋ ለሁለት ያዝን። ፍራሹ መሃሉ ጎድጉዶ ሁለታችንንም ወደ አንድ ጉድጓድ ይከተናል። ብዙነሽ ጣራ ጣራ እያየች «ጌጫ የሚመጡት አገልጋይ ብዙ ሰው በእጃቸው ተፈውሷል ይባላል» አለች።

«ይባላል» አልኩ። ዞሬ ተኛሁ። ያኔ ፊቷን አይቼ ቢሆን ኖሮ ነገሩን እጠረጥር ነበር።

ዓርብ

ከቴፒ ወደ ጌጫ መንገዱ ሽቅብ ነው። መጀመሪያ ቡናው አለቀ፤ ቀጥሎ ሙዙ፤ ቀጥሎ ሙቀቱ። ቀርከሃ መጣ። ከቀርከሃው ቀጥሎ በየቤቱ ዙሪያ እንሰት እንደ አጥር ቆሟል። ሚዛን ላይ ሹራብ ለፎቶ ነው የሚለበሰው። ጌጫ ደርሰን ከመኪናው ስንወርድ ወንዶቹ ሳይቀሩ የመዘምራን ቀሚሳቸውን በልብሳቸው ላይ ደርበው ነበር።

የጌጫ ምእመናን ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁን። እንግዳ የሚከፋፈለው በዚያው ነው፤ ባለቤቶቹ እየመጡ «እነዚህ ሁለቱ የእኔ» እያሉ ይዘው ይሄዳሉ። አንዱ ሲወሰድ፣ ሌላው ሲወሰድ እኔና ብዙነሽ ቀረን። የሚያዩኝ ሰዎች ቤታቸው ያለበትን ዳገት በሐሳባቸው ሲለኩት ይታወቀኛል። አንድ ሽማግሌ «ይቺ ልጅ እዚሁ ግቢ ትደር፣ ፍራሽ እናነጥፍላታለን፤ ጓደኛዋን እኔ ልውሰድ» አሉ። በቅን ልብ ነው።

ከኋላ አንዲት አሮጊት ሰዉን እየገፉ መጡ። እማማ አስካለ ይባላሉ። ቤታቸው የሚነገረው የሸካ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ሲያወሩ ወንዱም ሴቱም «አንተ» ነው። እኔም ቤቴ የማወራው ቤንችኛ ስለሆነ አልሳቅኩባቸውም።

«ሁለቱ የእኔ ነው» አሉ።

«እማማ፣ የእርስዎ ቤት ሩቅ ነው እኮ» አሏቸው ሽማግሌው።

«ሩቅ ነው። ቀስ ብሎ ይደርሳል። እኔስ ሮጬ ነው የምሄደው?»

ቀስ ብለን ደረስን። ሦስታችንም ደክሞን ስለነበር በየመሃሉ ተቀምጠን አረፍን። ክራንቼ ያለ ጎማው ድንጋዩ ላይ ይንሸራተታል። እማማ አንዴም «አይዞህ» አላሉኝም። ቤት ስንገባ እሳት አነደዱ፤ ከዚያ ጉልበቴ ላይ አንድ እቅፍ ጎመን ጣሉብኝ።

«እጅ አለህ?»

«አለኝ እማማ።»

«እንግዲህ ክተፍ።»

ሰው ቤት እንግዳ ሆኜ ስሄድ ጥግ ላይ በትራስ ተደግፌ እንድቀመጥ ነው የሚደረገው። ጎመን ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው። ስከትፍ ደስ አለኝ፤ ደስ ያለኝ እንዳይታወቅብኝ ደግሞ ቢላው ደነዘ ብዬ አማረርኩ። «ምላስህ ስል ነው፣ በእሱ ክተፍ» አሉኝ። ጎመኑን ከቆጮና ከባቄላ ጋር በላን፤ ማርም ተጨመረልን። የእኛ ሚዛን ማር ቀይ ነው፤ የጌጫው ነጭ ሆኖ ጉሮሮ ላይ ይቆያል። ከበላን በኋላ እማማ ያለቀ በረባሶ ጫማ አመጡና ተረከዙን በቢላ ቆርጠው፣ በሽቦ ጠፍረው የክራንቼን ጫፍ አለበሱት። ሚዛን ላይ ለእንዲህ ያለ ሥራ ሦስት ቀን ያመላልሱኛል።

ብዙነሽ «ውሃ ልቅዳ» ብላ ወጥታ ቆየች። ምንጩ ከቤቱ ሥር ነው። በኋላ ስመለከት ከታች መንገዱ ላይ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ካሰረ የኮንፈረንሱ አስተናጋጅ ጋር ቆማ ታወራለች። ስትመለስ «ምን ይልሻል?» አልኳት። «የነገውን ፕሮግራም ጠይቄው ነው» አለች። እንስራውን ባዶውን ይዛ ነበር የተመለሰችው።

ቅዳሜ

ዳሱ በቀርከሃ ተሠርቶ ሸራ ለብሷል። መድረኩ ሳንቃ ነው። ከመድረኩ በስተግራ ምንጣፍ ተነጥፎ አግዳሚ ተደርድሯል፤ ለጸሎት የመጡ ሕመምተኞች የሚቀመጡበት ነው። እኛ በር ላይ ተሰለፍን። እኔ ከብዙነሽ ቀጥሎ ነኝ። ልንገባ ስንል ያ ቀይ ጨርቅ ያሰረው አስተናጋጅ ክርኔን ያዘ።

«እህቴ፣ አንቺ በዚህ በኩል።»

«መዘምር ነኝ። ቀሚሱን አታየውም?»

«አየሁ። ግን ቦታ ተይዞልሻል።»

«ማን ያዘልኝ?»

«ጓደኛሽ ናታ! ትናንት መጥታ ለመነችን። ስለ አንቺ ስታወራ አለቀሰች» አለ። ደስ የሚለኝ መስሎታል።

ወደ ብዙነሽ ዞርኩ። ሰልፉ እየሄደ ነበር። እሷ ጫማዋን ታያለች። ብዙነሽ ጫማዋን የምታይ ሰው አይደለችም። አግዳሚው ላይ የተቀመጥኩት እሺ ብዬ አይደለም፤ ሰልፉ ጥሎኝ ስላለፈ ነው።

መዘምራኑ ወጥተው ዘመሩ። አሳምረው ዘመሩ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ እችል ነበር። ያለ እኔ ሁለተኛው ድምፅ ይሳሳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳሳም። ቦታዬን ጠጋ ጠጋ ብለው ሞልተውታል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እዚያ መቆም ያለብኝ ያለ እኔ ስለማይሆንላቸው አይደለም። ይሆንላቸዋል። መዘምር ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ምክንያት አያስፈልገኝም።

አጠገቤ ዓይናቸውን የሚያማቸው አባት ተቀምጠዋል። «አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ።

«መንገድ ጠፍቶኝ ነው አባባ።»

«እኔስ ዓይኔን ነው። ቢድን ደስ ይለኛል፤ ባይድንም ምሳ አለ ብለውኛል» አሉ።

ስብከቱ አለቀና ሕመምተኞች በየተራ ወጡ። የእኔ ተራ ደረሰ። አስተናጋጁ ከፍ አድርጎ አወጣኝ። እውነቱን ለመናገር አገልጋዩ ክፉ ሰው አይደሉም። እጃቸው ሞቃት ነው፤ ጸሎታቸውም ከልብ ነው። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አሜን ብያለሁ። ጸሎት አልጠላም። ዓይኔን ጨፍኜ ሳለ ግን ብብቴ ባዶ ሆነ። አስተናጋጁ ክራንቼን ከኋላ ስቦ ወሰደውና ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ላይ አነሳው።

በዚያ ዳስ ውስጥ ክራንች ከፍ ብሎ ታየ ማለት አንዲት ልጅ ዳነች ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ሴቶች ነጠላቸውን አውለበለቡ። የገዛ መዘምራኖቼ፣ ሐሙስ ዕለት ጭቃ ላይ ስወድቅ ያዩኝ ሰዎች፣ የምስጋና መዝሙር አነሱ! እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ የዳሱን ምሰሶ አቅፌያለሁ። እግሬ ያው ነው። ብርድ ብርድ ብሎኛል፤ ሌላ የተሰማኝ የለም።

«ተራመጂ ልጄ!» አሉ አገልጋዩ።

«ክራንቼን መልሱልኝ» አልኩ። ማይኩ አገጬ ሥር ነበር፤ ድምፄ በሞንታርቦው ወጥቶ ገበያው ድረስ ተሰምቷል ብለውኛል። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ግን በእልልታው አልሰማም። ደገምኩት። አልሰሙም። መራመድ አልችልም፤ ምሰሶውን አቅፌም መዋል አልችልም። እንግዲያውስ ብዬ ቁጭ አልኩ። ሳንቃው ላይ፣ ቀሚሴን ዘርግቼ፣ እንደ ቤቴ።

መዝሙሩ ከፊት ረድፍ ጀምሮ ሞተ። እልልታውም ተከተለው።

«ልጄ፣ ተነሺ። አትጠራጠሪ» አሉ አገልጋዩ፣ ዝግ ብለው።

«ጋሼ፣ አልተጠራጠርኩም። ክራንቼን ነው የጠየቅኩት።»

አስተናጋጁ አሁንም እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ ነው፤ ማውረዱ ጠፍቶበታል። ብዙነሽ ከሰልፉ ወጥታ መጣች። «ስጠኝ» አለችው። «ትንሽ ታገሺ እህቴ፣ እምነት ነው» አላት። ጫፉን ይዛ ሳበች። እሱም ሳበ። ሕዝቡ ፊት ክራንቼን እንደ ገመድ ተጓተቱት። በመጨረሻ ነጠቀችውና አምጥታ ሰጠችኝ። ተቀበልኳት። አላመሰገንኳትም። ተነስቼ በራሴ ወረድኩ።

ከዳሱ ጀርባ እንሰት መሃል አገኘችኝ።

«ማን ለምኝልኝ አለሽ?» አልኳት።

«ማንም።»

«አምስተኛ ክፍል እግርሽ ምን ሆኖ ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። አሁንስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እምቢ ትያለሽ ብዬ።»

«አዎ፣ እምቢ እል ነበር።»

«ለዚያ ነዋ!»

ይህን ስትል ሁለታችንም ልንስቅ ምንም አልቀረንም። አልሳቅንም።

«ጥቅምት ላይ እሄዳለሁ» አለች፤ ማልቀስ ጀመረች። «በዝናብ ከገበያ ማን አብሮሽ ይመለሳል? መኪና ላይ ስትወጪ ማን ጉልበቱን ይሰጥሻል? ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።»

«ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ልታስጠግኚኝ ፈለግሽ። እንደሚያፈስ ጣራ።»

«መዳን አትፈልጊም?»

ይህን ጥያቄ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ከእሷ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው። «ቢመጣ በር አልዘጋበትም» አልኳት። «ግን እስኪመጣ ተገትሬ አልጠብቀውም። ሥራ አለብኝ። ደግሞ ዛሬ ያመመኝ እግሬ እንዳይመስልሽ። ከሰልፉ ሲያወጡኝ ጫማሽን ማየትሽ ነው ያመመኝ።»

ወደ እማማ ቤት ስንሄድ አንዳችን ከፊት አንዳችን ከኋላ ሄድን። እማማም ኮንፈረንሱ ላይ ነበሩ። ቤት ሲገቡ ባቄላ እያቀረቡልን «ዛሬ አንተ መድረክ ላይ ቁጭ አልክ» አሉኝ። ልቆጣ ስል «ጥሩ አደረግህ። እዚያ ብዙ ያቆማሉ፤ ይደክማል» አሉ። ብዙነሽ ባቄላው አፏ ውስጥ እያለ በሳቅ አነቃት። ጀርባዋን መታሁላት፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጠንክሬ።

እሑድ

በማግስቱ ጠዋት ወንድም ታምራት ዳሱ በር ላይ ጠብቆ ለብቻዬ ጠራኝ። ብዙነሽ ሳትጠራ አብራ መጣች።

«ታሪኳ፣ ዛሬ ከእማማ ጋር ብትቀመጪ ጥሩ ነው» አለ። «ተረጂኝ። ሕዝቡ ትናንት እልል ብሏል። ዛሬ ደግሞ ክራንች ይዘሽ መድረክ ላይ ሲያይሽ ይሰናከላል።»

«እልል ያልኩት እኔ ነኝ?»

«አይደለሽም፤ ግን ክራንቹን ሲያዩት...»

«ክራንቹ አይዘምርም። የምዘምረው እኔ ነኝ። ዓይናቸውን ከፍ ያድርጉ።»

«እሷ ካልወጣች እኔም አልወጣም» አለች ብዙነሽ።

«አንቺ ዝም በይ!» አልኳት። «ትወጫለሽ። የትናንቱን በዚህ አትክሺኝም። ቦታ ለምኚልኝ አላልኩሽም፤ ሰልፉ ላይ ጠጋ በይልኝ፣ ይበቃኛል።» ከዚያ ወደ እሱ ዞርኩ። «ወንድም ታምራት፣ እወጣለሁ። ካልወደድክ ተሸክመህ ታወርደኛለህ። ያን ጊዜ ሕዝቡ እንዴት እንደሚሰናከል እናያለን።»

ከበሩ ዘወር አለልኝ። መልካም ሰው ነው ብያለሁ። ሰው ፊት ሴት ልጅ ተሸክሞ ማውረድ በሕልሙም አይመጣበትም።

ሰልፉ ሲገባ ገባሁ። ደረጃው መያዣ የለውም። የእማማ በረባሶ ሳንቃውን ቆንጥጦ ያዘ። ሕዝቡ ሲያየኝ ጉርምርምታው ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። «ያቺ አይደለችም እንዴ?»፣ «ናት»፣ «ታዲያ ክራንቿ?» ሲባባሉ ይሰማኛል። ብዙዎቹ በቅሬታ ነው የሚያዩኝ፤ ተስፋ ያደረገው ነገር እንደተበላሸበት ሰው። አዘንኩላቸው፤ ግን አልወረድኩም። ያን ጊዜ ከመሃል እማማ አስካለ ብድግ ብለው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«የእኔ እንግዳ ነው! የእኔ ቤት ነው የሚያድር! ጎመን ይከትፋል!»

ዳሱ ሳቀ። በሳቁ መሃል ኪቦርዱ ጀመረ፤ ዘመርን። ሁለተኛው አዝማች ላይ ቀድሜ ገባሁ። ተሳሳትኩ። ሌላ ጊዜ ሁሉ እንደምታደርገው ብዙነሽ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ተመለስኩ። እልል የሚል አልነበረም። መጨረሻ ላይ ሰው እንደማንኛውም መዝሙር አሜን አለ። ከዚያ ወረድን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደረቴ ተነፍቶ አያውቅም።

ሰኞ

እማማ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ሰጡን። «ሌላ ዓመት ይመጣል?» አሉኝ። «ይመጣል» አልኳቸው። መኪና ላይ በለመድነው አወጣጥ ወጣን። ብዙነሽ ጉልበቷን ከመስጠቷ በፊት ግን ቆም ብላ አየችኝ። «ምን ይገትርሻል?» ስላት ሰጠችኝ።

ቀርከሃው ጋ ስንደርስ ዝናብ መጣ። ሸራውን ከላያችን ስበን በጨለማው ውስጥ ተጠጋጋን። ብዙነሽ ጆሮዬ ሥር «ቦንጋ አንድም ሰው አላውቅም» አለች። «ከሰው ጋር እንዴት እንደሚተዋወቁ ረስቻለሁ። ከአንቺ በኋላ ጓደኛ ይዤ አላውቅም።»

«አስተናጋጁ ፊት ያለቀስሽው ታዲያ ለእኔ ነው ለራስሽ?»

አሰበች። «ግማሽ በግማሽ» አለች።

የጠበቅኩት መልስ አልነበረም። ወደድኩት። መኪናው ሲነጥ ክራንቼ ሁለታችንንም ጉልበታችን ላይ ይመታናል። «ልጸልይልሽ?» አልኳት።

«አሁን? እዚህ?»

«አሁን። እምቢ ማለት ትችያለሽ።»

ሸራው ላይ ዝናቡ ይደበድባል። «እሺ፤ ግን እንዳትጮኺ» አለች።

«አልጮህም።»

እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ፤ ፀጉሯ ረጥቧል። ከዚያ ያ ሁሉ መዘምር እስኪነቃ ድረስ ጮህኩ።

«ጌታ ሆይ! ይህቺ ልጅ ፈሪ ናት! ቦንጋ ላይ ጓደኛ ስጣት! ስትወድቅ የሚስቅባት፣ ከሳቀ በኋላ የሚያነሳት ስጣት! ከእኔ የሚበልጥ ግን እንዳትሰጣት!»

«አሜን!» አለ ከሸራው ሥር ያለው ሁሉ። ወንድም ታምራትም ሳይቀር። ብዙነሽ ብቻ አሜን አላለችም። እየሳቀች እጄን ከራሷ ላይ ይዛ «የመጨረሻውን ልመና አንሺው» አለችኝ።

አላነሳሁትም።